ለመሬት የሚባክን ሙቀት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ወለል ላሙቅ ብሎ የሚነሳ ሰው መሳቂያ ቢሆን አይገርምም። አገሩ ዝናቡ አያባራም እንጂ ብርዱ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ ብርድ ያማረው ወደ ደጋው፣ ወደ ማጂ መውጣት ይችላል። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ሰኔ እንደገባ፣ ሚካኤል አስረስ ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶብስ ጣሪያ ላይ አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦና በገመድ የታሰረ ነጭ ፎም ሲያስወርድ፣ የመናኸሪያው ተሸካሚዎች ምንነቱን ጠይቀው መልሱን ሲሰሙ ተንከተከቱ። አንዱማ "ወንድሜ፣ የሚዛንን መሬት ካሞቅከው አልጋ ሥር ጎደሬ ይበቅልልሃል" አለው። ሚካኤልም አብሮ ሳቀ። ለእናቱ ያመጣው ነገር ስለሆነ ማንም ቢስቅበት ግድ አልነበረውም።

ቤት ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ይህንኑ ለእናቱ አወራላት። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ልጇን ካየችው ዓመት ሆኗት ስለነበር ፊት ፊቱን እያየች ትስቃለች እንጂ ወሬውን በቅጡ አልሰማችውም። አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆነ ወዲህ እጁ ላይ ጠባሳ በዝቷል፤ ጉንጩ ሞላ ብሏል፤ ሲናገር ልክ እንደ አባቱ ቅንድቡን ይሰበስባል። እሷ ይህን ይህን ታይ ነበር። "ወለል" የሚለው ቃል ጆሮዋ የገባው ሁለተኛ ሲደግመው ነው።

"የምን ወለል?" አለች።

"የአንቺ መኝታ ክፍል ነዋ እማዬ። በደወልኩ ቁጥር እግሬን፣ እግሬን ትይኛለሽ። ቁርጥማቱን የሚያብስብሽ የዚያ የኋላው ክፍል እርጥበት ነው። እኛ አዲስ አበባ ለባለጸጋ ቤት ሁሉ ይሄን እንሠራለን። ሽቦው ከሲሚንቶው ሥር ይዘረጋል፤ መብራት ሲያገኝ ይሞቃል። በባዶ እግርሽ ብትቆሚበት ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ላይ የቆምሽ ነው የሚመስልሽ።" ከዚያም ፎሙን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ዋናው ነገር ግን ይሄ ነጩ ነው። ከሽቦው በታች ይነጠፋል። እሱ ከሌለ የሙቀቱ ግማሽ ወደ ታች ወርዶ ለመሬት ይባክናል። መሬት ደግሞ ሞቀ አልሞቀ ምን ያደርግለታል?"

ሚካኤል የእናቱን ዝምታ ደስታ መስሎት ቀጠለ። ሊሾው ተፈንቅሎ ይወጣል፤ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል አፈር ይዛቃል፤ በምትኩ ድንጋይና ጠጠር ይሞላል። እርጥበቱን የሚያመጣው ያ አፈር ነው፤ እሱ ካልወጣ ሥራው ሥራ አይሆንም።

አንድ ክንድ። የዓለምዘርፍ ሳታስበው የራሷን ክንድ አየችው። ባሏ አስረስ የቆፈረው ከዚያ ብዙም አይጠልቅም ነበር።

የኋላው ክፍል መጀመሪያ ክፍል አልነበረም። ደርግ በወደቀበት ዓመት እዚያ ቦታ ላይ ጓሮ ነበር፤ ጥቂት የሙዝ ተክልና ኮረሪማ ነበረበት። መምህር አስረስ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሚካኤል ገና ሦስት ዓመቱን ሲይዝ፣ በመጋቢት፣ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና ስሟንም የዚያን ዕለት እናወጣለን ብለው እስከዚያው ማሚት ይሏት ጀመር። ሳቂታ ልጅ ነበረች። ጡት እየጠባች ድንገት ትተውና የእናቷን አፍ እያየች ትስቃለች። የዓለምዘርፍ ከሁሉም የማትረሳው ያንን ነው።

ሰማንያው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትኩሳት ጣላት። ልጅ ከደከመ ቀኑ ሳይደርስም ቢሆን ይጠመቃል፤ ቄስ ከተገኘ ማለት ነው። የደብሩ ቄስ ግን በዚያ የመንግሥት ለውጥ ግርግር ራቅ ብላ ወዳለችው ሸዋ ቤንች፣ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደዋል። መኪና የሚባል አልነበረም። አስረስ በዝናብ በእግሩ ሄደ፤ አገኛቸውም፤ ይዟቸውም መጣ። ሁለቱም በውሃ ርሰው በሩ ላይ ሲደርሱ ማሚት በእናቷ እቅፍ ውስጥ ቀዝቅዛ ነበር።

ቄሱ ደጃፉ ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል። ያልተጠመቀ ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ ፍትሐትም አይደረግለትም፤ በጓሮ ይቀበራል። ይህን የዓለምዘርፍም ታውቃለች፣ አስረስም ያውቃል፣ እናቶቻቸውም ያውቁት ነበር። ማንም ከማንም ጋር አልተከራከረም። ጎረቤታቸው አማረች ልጅቱን አጥባ በነጠላ ጠቀለለቻት፤ አስረስ ዶማ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ጉድጓዱ ውሃ እያቆረ አስቸገረው። በጣሳ እየጨለፈ ይደፋል፤ ዝናቡ መልሶ ይሞላዋል። የሒሳብ አስተማሪው ሰውዬ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ከዝናብ ጋር ሲታገል የዓለምዘርፍ በበሩ ሽንቁር ታየው ነበር። በመጨረሻ መቆፈሩን ተወው። ባገኘው ጥልቀት አስቀመጣት።

ከዚያ ወዲያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ሚዛን ውስጥ መቼም ዘወትር ማለት ነው፣ የዓለምዘርፍ የጓሮውን በር ከፍታ መቆም ሆነ ሥራዋ። ቢያባብሏት አትሰማም፤ ቢቆጧት አትሰማም። ውሃው እዚያች አፈር ላይ ሲወርድ እያየች ትቆማለች። አስረስ የሚያጽናና ቃል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን አራት ቋሚና ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ በዚያው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ጣሪያ መታበት። "እንዳይዘንብባት" አላት፤ ሌላ ምንም አላለም። ለሰው የመጻሕፍት ማስቀመጫ ነው እየተባለ ተነገረ። በበጋው ግድግዳ መረገበት፤ ቀጥሎ ከቤቱ ጋር የሚያገናኝ በር ወጣለት። አንድ ቀን ደግሞ የዓለምዘርፍ ፍራሿን ተሸክማ ገባች፤ ባሏም ምንም ሳይል አልጋውን ነቅሎ ተከተላት። ኋላ ወለሉ ሊሾ ሲሆን ግንበኛ አልጠሩም። አስረስ ራሱ ነው ያፈሰሰው።

ለሚካኤልስ? ልጅ ነውና "ያቺ ሕፃን የት ሄደች?" ብሎ ጠየቀ። የዓለምዘርፍ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፤ "እንግዳ ነበረች፣ ወደ ቤቷ ሄደች" አለችው። ልጅም አይደል፣ ሁለት ቀን ጠይቆ ተወው። እሷ ግን ያችን ውሸት የምታርምበት ቀን አጥታ ይኸው ልጁ ጎረመሰ፤ አባቱም ሞተ።

በማግስቱ ሚካኤል አልጋውን ሊያወጣ ሲነሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ይቅርብኝ" አለችው። "አልፈልግም።"

"ምኑን ነው የማትፈልጊው?"

"ወለሌ ደህና ነው። አባትህ የሠራው ነው።"

"አባዬ የሠራው ነው አባዬን የገደለው!" አለ ሚካኤል። ቁጣው ሳያስበው ነው ያመለጠው። "እዚህ እርጥበት ውስጥ ተኝቶ ሲስል፣ ሲስል አይደለም እንዴ የሞተው? ሐኪሙ ደረቅ ቦታ ይተኛ ብሎት አልነበር? የፊት ለፊቱ ክፍል ፀሐይ እየገባበት ባዶውን ይቀመጣል፤ እናንተ እዚህ! እሺ፣ ወለሉ ይቅር፤ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ግቢ።"

"አልገባም።"

"አዲስ አበባ እንሂድ።"

"አልሄድም አልኩህ እኮ። ስንቴ ነው የምልህ?"

"ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብትነግሪኝ ምን አለበት? ሰው መጥላት ነው እንዴ? እኔን መጥላት ነው?"

የዓለምዘርፍ፣ እኔ ከሄድኩ እሷ ማን አላት፣ ልትለው ፈልጋ ነበር። አባቷ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተኝቷል፣ ፍትሐቱም ተደርጎለታል፣ ተዝካሩም ወጥቶለታል፤ እሷ ግን ከእኔ በቀር ማንም የላትም፣ ልትለው ፈልጋ ነበር። አልወጣላትም። ያለችው "ምሳህ እንዳይቀዘቅዝ" ብቻ ነው። ሚካኤል እህል አልቀመሰም። ኩርፍ ብሎ ወደ ከተማ ወጣ። እሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ አማረች ቤት ተሻገረች።

አማረች የዚያው የቤንች አገር ልጅ ናት፤ ባለ ትልቅ ሰውነት፣ ባለ ትልቅ ድምፅ፣ የመካነ ኢየሱስ ዘማሪ። ኮረሪማ እየለቀመች አገኘቻት። የዓለምዘርፍ ሽቦውንም፣ ፎሙንም፣ አንድ ክንዱንም ነገረቻት።

"እስካሁን አልነገርሽውም?" አለች አማረች እጇን ከኮረሪማው አንስታ። "የዓለምዬ! እኔ እኮ ድሮ የነገርሽው መስሎኝ!"

"በየት በኩል ልጀምረው? 'እንግዳ ናት' ብዬዋለሁ።"

"ስሚኝ። ሕፃኗ ጌታ እቅፍ ውስጥ ናት። ሚካኤል ስለ ቆፈረ ጌታ ከእቅፉ አያወርዳትም። እኛ እንደዚያ ነው የምናምነው።"

"እሱን እናንተ ታውቃላችሁ" አለች የዓለምዘርፍ። "እኔ እጇን ነው የማውቀው። አጥንቷ ያለው እዚያ ነው። በአካፋ ዝቆ ከአፈር ጋር ደጅ ቢደፋብኝስ? ሳያውቅ፣ የገዛ ወንድሟ?"

አማረች ከብዙ ዘመን በፊት ያቺን ሕፃን ያጠቡ እጆቿን አየት አደረገቻቸውና መልሳ ኮረሪማውን መልቀም ያዘች። ቆይታ ቆይታ "ንገሪው" አለች። "አንቺ ካልነገርሽው ሲቆፍር ዲጂኖው ይነግረዋል።"

የዓለምዘርፍ እነግረዋለሁ ብላ ወጣች። ያን ቀን አልነገረችውም። በማግስቱም አልነገረችውም። ልጅየው ኩርፊያውን ትቶ የጣሪያውን ቀዳዳ ይደፍንላት፣ የመብራቱን መስመር ይቀይርላት ጀመር። ስለ ወለሉም አላነሳም፤ ስለዚህ የተወው መሰላት። ሚካኤል ግን የአባቱ ልጅ ነው፤ ያሰበውን ነገር በዝምታ ነው የሚሠራው።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። የስሙ በዓል ስለሆነ አብሯት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ብላ ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብሎ ቀረ። ግንባሩን ዳብሳ፣ ትኩስ ነገር ጠጣ ብላው ብቻዋን ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ቆየች። ጸበል በጠርሙስ ይዛለት ስትመለስ፣ ግቢው በር ላይ ቆማ ከቤት ውስጥ የአማረችን ድምፅ ሰማች፤ መዝሙር እየዘመረች ነው፤ ያውም በዓመት በዓል፣ በሰው ቤት፣ በኃይል።

ገባች። የኋላው ክፍል አልጋ ሳሎን ውስጥ በጎኑ ቆሟል። ሚካኤል በላብ ተጠምቆ፣ ዲጂኖውን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ በሩ ላይ ቆሟል። ከእሱ ወዲያ፣ ባዶው ክፍል መሃል ላይ፣ አማረች ሁለት እግሯን ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከግድግዳው ጥግ ሊሾው ተፈንቅሎ ጥቁር አፈር ወጥቷል። የተፈነቀለው ቦታ እስከ አማረች ተረከዝ ድረስ ደርሷል፤ ከዚያ አላለፈም።

"እማዬ፣ እትዬ አማረችን አንድ በይልኝ!" አለ ሚካኤል። "አንቺ ሳትመጪ ጨርሼ ላስደስትሽ ብዬ ገና ከመጀመሬ መጥታ ተዘረጋችብኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት አልነሳም አለች። ይኸው ትዘምርብኛለች!"

"እናትህ ሳትመጣ ከዚህ ብነሳ ጌታ አይቁጠረኝ" አለች አማረች። የዓለምዘርፍን ስታይ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። "የዓለምዬ፣ ዲጂኖውን ሰማሁ። ሮጬ መጣሁ። አልደረሰባትም። ወደዚህ አልደረሰም።"

"ማን ላይ ነው ያልደረሰው?" አለ ሚካኤል።

የዓለምዘርፍ ጸበሉን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ወደ መሃል ሄዳ አማረች ጎን ተቀመጠች። ሁለት አሮጊቶች ወለል ላይ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቁ ነበር።

"እህትህ ናት" አለችው። "እዚህ ያለችው እህትህ ናት፣ ሚካኤል።"

ከጀመረችው በኋላ አላስቸገራትም። ትኩሳቱንም፣ ሸዋ ቤንችንም፣ ቄሱንም፣ ጣሳውንም፣ ቆርቆሮውንም ሁሉንም በተራ ነገረችው። ሚካኤል ዲጂኖውን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ ከግድግዳው ጋር አስደገፈው። ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ የእናቱን እግር አየ።

"እንግዳዋ?" አለ። "ያቺ እንግዳዋ?"

"ታስታውሳታለህ?"

"ታለቅስ ነበር። እኔ ጣቴን ስሰጣት ዝም ትላለች። ህልም ይመስለኝ ነበር እኮ እማዬ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ህልም ይመስለኝ ነበር።" ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። የዓለምዘርፍ እንዲያ ሲያለቅስ ያየችው ሕፃን ሳለ ነው፤ ያንጊዜም "እንግዳዋ ትምጣ" ብሎ ነበር ያለቀሰው። ሐዘኑን ለብቻዋ የያዘችው መስሏት፣ ከልጇ ቀምታው ኖራለች።

አማረች ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ የሁለቱንም ትከሻ አንድ አንድ ጊዜ ነክታ ወጣች።

ሚካኤል ሽቦውን መልሶ ጠቀለለው። "በቃ ይቅር እማዬ" አለ። "ይዤው እመለሳለሁ። የፈነቀልኩትን ነገ በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ። ይቅር በይኝ።" ፎሙንም በገመዱ አሰረው። ሁሉንም በረንዳ ላይ ደርድሮ ሲሚንቶ ሊፈልግ ወጣ።

የዓለምዘርፍ ብቻዋን ቀረች። አልጋው የሌለበት ክፍል ሰፊ መሰላት። ተንፏቃ ወደ ጥጉ ሄደችና ሊሾው የተነሳበትን ቦታ አየችው። አስረስ ወለሉን ካፈሰሰው ወዲህ ያን አፈር አይታው አታውቅም። ስትኖር ስትኖር ስለ ዝናቡ ብቻ ነበር የምታስበው፤ ጣሪያ ካለ እንዳለቀ ትቆጥረው ነበር። እጇን ሰደደች። መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች።

አፈሩ በረዶ ነበር። እርጥብ፣ ጥቁር፣ እስከ አጥንት የሚሰማ ቅዝቃዜ። በእግሯ በኩል ስንት ዘመን ሲመጣባት የኖረውን ቅዝቃዜ በእጇ አወቀችው። "እንዲህ ነው የሚበርደው?" አለች ድምፅዋን አውጥታ። "እንዲህ ሲበርድሽ ነው የኖረው፣ ማሚትዬ?" እጇን ማንሳት አልሆነላትም። ሚካኤል ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲመለስ እዚያው፣ መዳፏ አፈሩ ላይ እንዳለ አገኛት።

"ሳይቆፈር ከላይ መዘርጋት ይቻላል?" ብላ ጠየቀችው።

"ምኑ?"

"ሽቦህ።"

ሚካኤል ሲሚንቶውን አወረደ። "ይቻላል። በሊሾው ላይ ይዘረጋና ሲሚንቶ ይለበሳል። ወለሉ ከፍ ይላል፤ በሩን ከሥሩ መላግ ነው። ጥሩ አይሆንም እንጂ ይቻላል። ግን አልፈልግም አላልሽም?"

"አሁን ፈለግሁ።"

"እሺ። ፎሙን አንጥፌ—"

"ያንን ነጩን ተወው።"

"እማዬ፣ ነገርኩሽ እኮ፤ ፎሙ ከሌለ የሙቀቱ ግማሽ ወደ ታች ወርዶ ለመ..." አለና ቆመ። አፉ እንደተከፈተ የእናቱን እጅ አየ። እጇ አሁንም አፈሩ ላይ ነው።

"ይውረድ" አለች የዓለምዘርፍ።

ሚካኤል አዲስ አበባ ደውሎ ፈቃዱን አራዘመ። የፈነቀለውን ደፈነ፤ ሽቦውን በአባቱ ሊሾ ላይ እየጠመዘዘ ዘረጋው፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ ከሌላው ቦታ ይልቅ አቀራረበው። እናቱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። በሩን በመላጊያ ከሥሩ ላገው። ነጩ ፎም በረንዳ ላይ ቀረ፤ ኋላ አማረች ለዶሮዎቿ ቤት ክዳን አደረገችው። ሲሚንቶው እስኪጠና በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ፀሐይ በሚገባበት፣ እናትና ልጅ አብረው ሰነበቱ። ሚካኤል ስለ ማሚት ይጠይቃል፤ እሷ ትመልሳለች። ፀጉሯ ምን ይመስል ነበር? ማንን ትመስል ነበር? ስሟን ምን ልትሏት ነበር? "ራሔል ብንላት ብሎ ነበር አባትህ" አለችው። አስረስ ይህን የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷም ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በዋለበት ቀን፣ ሚካኤል ማብሪያውን ተጫነው። አማረችም ነበረች። አልጋው ገና አልገባም። ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ ከሲሚንቶው ውስጥ ለብ ያለ ነገር ቀስ እያለ መጣ። አማረች "ጌታ ይመስገን፣ ዳቦ ሊወጣው ነው!" ብላ ሳቀች። የዓለምዘርፍ ስንት ክረምት ያስለቀሳት እግሯ ሲፍታታ ተሰማት። ስለ እግሯ ግን አልተናገረችም። መሃሉን በመዳፏ እየዳበሰች ልጇን ቀና ብላ አየችው።

"ደረሳት?" አለችው።

ሚካኤል ሥራውን ያውቃል። እርጥብ አፈር ስንት ሙቀት ውጦ ዝም እንደሚል ያውቃል፤ የሚዛን መሬት በአንድ ጥቅል ሽቦ እንደማይሞቅም ያውቃል። ቅንድቡን እንደ አባቱ ሰበሰበ።

"ገና ነው" አላት። "ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።"

"እንጠብቃታለን" አለች።

ጠበቁ። ዝናቡ በረታ። ወለሉ ደህና አድርጎ መሞቅ ሲጀምር አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለና መብራት ሄደ፤ ሚዛን ነውና ማንም አልተገረመም። ክፍሉ ደብዘዝ አለ። አማረች መብራት ኃይልን በቤንችኛ ምን እንዳለቻቸው እሷ ታውቃለች። ሚካኤል ግን እናቱን አየ። የዓለምዘርፍ ሳትቸኩል ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ አጣጥፋ፣ "ሙቀቱ እንዳይወጣ" ብላ፣ መሃሉ ላይ አለበሰችው። ጠርዙንም በሁለት እጇ ጠቅጠቅ አደረገችው።

ሚካኤል ተነሳና ጃኬቱን አወለቀ። ይዞት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጋቢው አጠገብ በርከክ አለ።

"እግሯ በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀ።

እናቱ በእጇ አሳየችው።